ግድግዳችሁ ላይ ስለሰቀላችሁት የወንድሜ ማሽላ

ሚያዝያ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.
ሐረር፣ ጀጎል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ለገሠ፣
የአየር ንብረት ለውጥ ማጣጣሚያ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ በር ላይ ለቆሙት ሁለት ነጫጭ መኪኖችና በአዳራሹ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም ለሚነፍሰው ማቀዝቀዣ ሁሉ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔም ከጉልበቴ ቁርጥማትና ካለፈው ዓመት ድርቅ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ስሜ ናፊያ ዑስማን ይባላል። ትውልዴ ድሬ ጠያራ ነው፤ ባል አግብቼ ጀጎል ከገባሁ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነኝ። በወጣትነቴ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ፣ ዛሬ ስፌት እሰፋለሁ። ባለፈው ጥር “የማጣጣሚያ ፖሊሲ ወጪና ጥቅም ትንተና ማረጋገጫ አውደ ጥናት” የሚል ረጅም ስም ያለው ስብሰባ ስታዘጋጁ፣ ለአዳራሹ ባህላዊ ድባብ ይስጠው ተብሎ ግድግዳውን በስፌት ያስጌጥኩት፣ እስከ ሰኔ መጨረሻም በየቅዳሜው አቧራውን ላራግፍ ውል የፈረምኩት ሴት እኔ ነኝ። ስለ ሥራው አመሰግናለሁ፤ ክፍያውም በሰዓቱ ደርሶኛል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ጉዳዬ አጭር ነው። ከስፌቶቼ መሃል፣ “የአካባቢው ነባር ዝርያ” ከሚለው ጽሑፍ በታች የሰቀላችኋቸው ስልሳ ሁለት የማሽላ ዛላዎች የታናሽ ወንድሜ የነስሮ ዘር ናቸው። የተሰቀሉት ለጌጥ ነው፤ ነስሮ ደግሞ የሚፈልጋቸው ለመዝራት ነው። ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ይመለሱለት ዘንድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርዎ። እኛ ሙይራ የምንለው ይህ ማሽላ ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር የሚታጨድ፣ ቁመቱም ከሰው በላይ የሚሄድ ነው። ሚያዝያ ሳይዘራ ካለፈ ለዓመቱ አለቀለት፤ ዘግይቶ ቢዘራ ዛላው ሳይሞላ ዝናቡ ያበቃበታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሙይራ ዘሩን ለጽሕፈት ቤትዎ አስረክቧል። ከማዶ ባሉት መንደሮች ያሉት ደግሞ በድርቁ ጊዜ ዘራቸውን በልተውታል፣ አይፈረድባቸውም። የነስሮም ዘር ድርቁ ከመግባቱ በፊት በኅዳር 2007 የታጨደ ስለሆነ አንድ ዓመት ግድግዳ ላይ ቢጨመርበት ምኑ እንደሚበቅል እንጃ። እንግዲህ ያለን ሙይራ እናንተ ግድግዳ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የቀሩን ቀናትም ከሃያ አምስት አይበልጡም።

ወደዚህ እንዴት እንደደረስን በቁጥር ላስረዳ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ በ2006 ዓ.ም. ባለሙያዎችዎ ድሬ ጠያራ ድረስ ወርደው፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር በገመድ ለክተው፣ በዚያ ውስጥ የበቀለውን ማሽላ አጭደው፣ ወቅተው፣ እህሉን በሚዛን መዝነዋል። ለድካማቸው አላህ ይስጣቸው። እህሉ ሲመዘን አገዳው አጠገባቸው ተከምሮ ነበር። ቅጠሉ የከብት መኖ፣ ወፍራሙ አገዳ የአጥርና የጣራ፣ የቀረው የማገዶ ነው። አንድም ቀን ገመዱን ዘርግቶ የመዘነው የለም። በጥናቱ ውስጥ “ተረፈ ምርት” የሚል ስም ወጥቶለት፣ በጥቅም ዓምድ ሥር ባዶ ተቀምጦለታል። ነስሮ ይህን ሳነብለት ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ፣ እንግዲያው ቤቴ በባዶ ነው የተከደነው ብሎ ሄደ።

ሁለተኛ፤ ይህኛው ረዘም ይላል፣ ታግሰው ያንብቡልኝ። በእኛ አገር በሬ መስክ ተለቆ አይሰባም። ደጃፍ ላይ ይታሰርና ክረምቱን ሙሉ ከማሳው እየተነቀለ የሚመጣውን የማሽላ ቡቃያ በእጅ ይጎርሳል። ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርገን የምንዘራው ለዚሁ ነው። ሲበቅል መሃል መሃሉን እየነቀልን እናሳሳዋለን፤ የተነቀለው ለበሬው፣ የቀረው ለእህል ይሆናል። ማሳው ለሰውም ለከብትም ነው የሚዘራው፤ ይህን ድሬ ጠያራ ውስጥ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ላይ “የሐረር ሰንጋ ነው” እየተባለ የሚበላው ሥጋ በዚህ መንገድ የመጣ ነው፤ እርስዎም ሳይቀምሱት አልቀሩም።

የጥናትዎ ገጽ 88 ግን እንዲህ ይላል፤ አርሶ አደሩ በልማዳዊ አዘራር ምክንያት ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ዘር ያባክናል። በመስመር፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት ቢዘራ ይህ ሁሉ ዘር ይድናል ትላላችሁ፤ የዳነውም ዘር ተባዝቶ “የፖሊሲው ጥቅም” በሚለው ሠንጠረዥ አናት ላይ ተቀምጧል። የበሬውን ምግብ ወስዳችሁ ቁጠባ ብላችሁ ጻፋችሁት ማለት ነው። በወጪው ዓምድ ደግሞ በሬ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሳነብ ተናድጄ ስፌቱን ከእጄ አስቀምጫለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሥራ ላይ ሳለሁ የእናንተን ጽሑፍ አላነብም።

ሦስተኛ፤ በ2007 ዓ.ም. ነስሮ ሞዴል አርሶ አደር ሆኖ ተመረጠ። አጭር፣ በሦስት ወር የሚደርስ ምርጥ ዘር ተሰጠውና ማሳውን በሙሉ በመስመር ዘራ። የመንደሩ ሰው “አጭሬ” ብሎ የሰየመው ይኸው ነው። ያ ክረምት ደግሞ እንደሚያስታውሱት ዝናቡ የከዳን ክረምት ነበር።

እዚህ ላይ ወላሂ እውነቱን እናገራለሁ። አጭሬ እንዳላችሁት በሦስት ወሩ ደረሰ። በአገሩ ሌላ የበሰለ እህል ስላልነበረ የወፍ መንጋ ሁሉ የወረደው እሱው ላይ ቢሆንም፣ ነስሮ ሁለት ኩንታል ገደማ አስገብቷል። ሞዴል ያልሆነው ጎረቤቱ ሙሜ ሙይራ ዘርቶ ነበርና አንድ ዛላ እንኳ አላገኘም። በዚህ እናንተ ልክ ናችሁ፤ በአደባባይ እመሰክራለሁ። ነገር ግን የሙሜ ማሽላ ዛላ ባያወጣም አገዳው ቆሞ ነበር፤ ላሙና በሬው እሱን እየበሉ ወጡ። የነስሮ በሬ ግን በሰኔ የሚነቀል ቡቃያ አላገኘም፤ በኅዳር የሚከመር አገዳም አይጠበቅለትም ነበር። ነሐሴ ላይ ጎድኑ ይቆጠር ነበር። በመስከረም አንድ ነጋዴ በወይፈን ዋጋ ወሰደው፤ ነስሮም በዚያው ገንዘብ ወይፈን ገዝቶ ደጃፉ ላይ አሰረ። ልጁ ለይላ በሬው ሲሸጥ ትገባበታለች የተባለው የነርስነት ትምህርት ወይፈኑ እስኪያድግ ይጠብቃል። ይህንንም በየትኛው ዓምድ እንደምትጽፉት አላውቅም።

ስለዚህ እኛ አጭሬን አንጠላም። ግማሹን ማሳ አጭሬ፣ ግማሹን ሙይራ እንዝራበት ነው የምንለው። ዝናብ ሲያጥር አንዱ ለእኛ ይደርሳል፣ ሲረዝም ሌላው ለሁላችንም ይደርሳል። ነስሮ ይህን ለማወቅ አንድ ክረምት በቃው፤ እናንተ ሦስት ዓመት አጥንታችሁ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አላችሁን።

አራተኛ፤ ምረጡ እንኳ አላላችሁንም። በታኅሣሥ “የዘር ልውውጥ ዘመቻ” ተባለና አሮጌውን አንድ ለአንድ አስረክቦ አዲሱን ያልወሰደ ሰው ለሚቀጥለው ድጋፍ አይመዘገብም ተባለ። በድርቅ ዓመት ድጋፍ ይቅርብኝ የሚል አባወራ ካለ ያሳዩኝ። ነስሮ ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ ከዓመት በላይ የቆየውን ስልሳ ሁለት ዛላ አውርዶ ሰጠ። እናታችን ከሞተች በኋላ ከእሷ ማሳ እያስተላለፈ ያቆየው ዘር ነው። ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አሳርፏል፤ አልካድንም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ሸዋ በር ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጡት አቶ ሀብተወልድ መጠቅለያ ወረቀታቸውን ከየመሥሪያ ቤቱ በኪሎ ነው የሚገዙት። በየካቲት ወር የአንድ ብር ኦቾሎኒ ገዝቼ ቤቴ ገብቼ ስፈታው የእናንተ ጥናት ረቂቅ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ኦቾሎኒ በላሁ፤ ሆዴ ቢነፋም አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሰበሰብኩ። ከእነዚያ አንዱ ላይ ባለሙያዎ ወይዘሪት ሜሮን የጻፈችው ግማሽ ገጽ አለ። ይህች ልጅ ነስሮ ደጃፍ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀምጣ በሬውን በገዛ እጇ ስታጎርስ አይቻታለሁ። ጥቅጥቅ ብሎ የሚዘራው ለምን እንደሆነ ጠይቃ፣ ተረድታ፣ ከእኔ አሳምራ ጽፋዋለች። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ “በገንዘብ ሊተመን አልቻለም፤ ይውጣ” ተብሎ ተፈርሞበታል። የማን ፊርማ እንደሆነ ለመናገር አልደፍርም፤ የስፌት ውሌ ላይ ካለው ጋር ግን ቁርጥ አንድ ነው።

እንግዲህ በጥር ወር የሆነውን ያውቁታል፤ እርስዎ መድረክ ላይ ነበሩ። ነስሮን ሞዴል አርሶ አደር ብላችሁ ጠርታችሁ፣ ኮፍያ አጥልቃችሁ፣ የምስክር ወረቀት ሰጥታችሁ አስጨበጨባችሁለት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያይ ነበር። እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ እሱን አይ ነበር። ዛላዎቹን ያሰረበትን የራሱን ገመድ አውቆታል፤ ሰማያዊ ነው፣ ከአሮጌ ባልዲ የፈታው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን እናታችን የሞተች ዕለትም አላየሁበትም። ዘሩ ለምርምር ወይም ለሌላ ገበሬ ሄዷል ብሎ ነበር የተጽናናው።

ከስብሰባው በኋላ ሦስት ማክሰኞ ተመላልሷል። የመጀመሪያው ማክሰኞ የንብረት ክፍል ኃላፊው መስክ ወጥተዋል ተባለ። በሁለተኛው፣ ዛላዎቹ ማሳያ ስለሆኑ ቋሚ ንብረት ተብለው ተመዝግበዋል፣ መለያ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል፣ ከአንድ እስከ ስልሳ ሁለት፤ ስለዚህ ለማስወገድ ኮሚቴ ይወስናል ተባለ። በሦስተኛው ማክሰኞ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 እንደሆነ ተነገረው። ሰኔ 30 ቀን ዘር ይዞ ምን ያደርግበታል? ሚኒባስ ተሳፍሮ ሸዋ በር ወርዶ፣ ከዚያ በእግሩ እናንተ ጋ ወጥቶ፣ ይህን መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው በእርስዎ ትንተና ከወጪ ይቆጠር ይሆን ወይስ ከሕዝብ ተሳትፎ? ስጠረጥር ከተሳትፎ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሰማዩን እያየሁ ነው የምጽፈው። ነስሮ መሬቱን ሁለት ጊዜ አርሶ፣ ወይፈኑን አስሮ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በየማታው ይደውልልኝና ስለ ዘሩ ሳያነሳ ስለ ደመና ብቻ ጠይቆኝ ይዘጋል። ሰው ታናሽ ወንድሙን እንዲህ ሲሆን አይቶ ዝም ማለት አይችልም። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የጠየቅንዎ፤ ያቺን ግማሽ ገጽ ያወጡበትን ያህል እንኳ ቀለም አይፈጅም።

የጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ ዘወትር በእንግዳ የሞላ፣ ሪፖርትዎ ዘወትር በጊዜው የደረሰ ይሁን እያልኩ፣ አቧራዎን በታማኝነት የማራግፍልዎ፣

ናፊያ ዑስማን
የነስሮ ዑስማን ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሜሮን፣ የጻፈችው እንዳልጠፋ እንድታውቅ
ለሸዋ በር ሚኒባስ ተራ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአቶ ሀብተወልድ፣ አንብበው ሲጨርሱ ለመጠቅለያ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፣ ግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደብዳቤው እስከዛሬ ያልደረሰዎ የማባዣ ቤቱ መብራት በየቀኑ እየጠፋ ስላስቸገረ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመሃሉ አንዳንድ ነገር ስለተለዋወጠ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆነ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 15 እንደ ውሌ አቧራ ላራግፍ መጥቼ በመስኮት ብመለከት በቁንዱዶ ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል። የዘር ልውውጥ መመሪያችሁን አውጥቼ አነበብኩት። ዘር አንድ ለአንድ ይለወጣል ይላል፤ አጭሬ ሰጥቶ ሙይራ መውሰድ ክልክል ነው የሚል ግን አላገኘሁበትም። ነስሮ ካምና ያስቀረው ስልሳ ሁለት የአጭሬ ዛላ ደግሞ እንዲያው ባጋጣሚ በዘንቢሌ ውስጥ ነበር። አንዱን አውርጄ አንዱን ሰቀልኩ፤ መለያ ቁጥሮቹንም ከአንድ እስከ ስልሳ ሁለት ሳላዛንፍ መልሼ ለጠፍኩ። የልውውጥ ቅጹን ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ “የአካባቢው ነባር ዝርያ” ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ አስቀምጫለሁ። ዘበኛው አቶ አሰፋ ዘንቢሌን እስከ በር የሸኙልኝ ስፌት መስሏቸው ነውና አይቆጧቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ግድግዳ ሥር ሁለት ስብሰባ አድርጋችኋል፤ ከውጭ ከመጡት እንግዶችም ጋር ፎቶ ተነስታችኋል። ሦስት ዓመት ማሽላ ካጠኑት ባለሙያዎችዎ መካከል ቀና ብሎ ልዩነቱን ያየ አንድ ሰው አልነበረም፤ ወይዘሪት ሜሮን ብቻ ቆም ብላ አይታ፣ ፈገግ ብላ ሄዳለች።

ማክሰኞ ሚያዝያ 18 ዝናብ ጣለ። ነስሮ በማግስቱ ግማሹን ማሳ ሙይራ ዘራበት፤ በመስመር አይደለም፣ ጥቅጥቅ አድርጎ ነው። ዛሬ ቡቃያው አራት ጣት ሆኗል።

ንብረታችን ነው፣ ይነቀል የምትሉ ከሆነ አንከለክላችሁም። ብቻ ኮሚቴያችሁ ሰኔ 30 እስኪሰበሰብ ታገሱ፤ የምናሳሳውም በዚያው ሰሞን ነው። ስትመጡ ከተጠጋጋው ጀምራችሁ፣ በየመሃሉ አንዳንድ እግር እየተዋችሁ ንቀሉ። የነቀላችሁትንም ደጃፍ ላይ ለታሰረው ወይፈን በእጃችሁ አጉርሱት፤ እንዴት እንደሚጎርስ ለይላ ታሳያችኋለች።